ከአቦል በፊት የሚቀድም ሥራ፦ በኮከባቸው ፊት የሚያልፉ ግዙፍ ፕላኔቶችና የፎገራ ሰማይ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገባች። በላሊበላ ፀሐይ ቀለበት መስላ ታየች፤ በወረታና በፎገራ ሜዳም አብዛኛው ገጿ ተሸፈነ። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በዚሁ ሜዳ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ቬነስ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና በፊቷ ታልፍ ነበር። የከለለችው ብርሃን ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ ቀኑ የደበዘዘበት ሰው አልነበረም። የሩቅ ከዋክብትን ፕላኔቶች ለማግኘት መንገድ የሚያሳየን ግን ከግርዶሹ ይልቅ ይህ ማንም ልብ ያላለው ጉድለት ነው።

የሩቅ ኮከብ በቴሌስኮፕ እንኳ ነጥብ ነው። ፕላኔት በፊቱ ስታልፍ ጥቁሩን ክብ አናይም፤ የኮከቡ ብርሃን ለጥቂት ሰዓታት ጎድሎ ሲመለስ ብቻ እናያለን። የጉድለቱ መጠን ፕላኔቷ ከኮከቡ ገጽ የምትሸፍነው ድርሻ ነው። የጁፒተር ዲያሜትር የፀሐይ አንድ አሥረኛ ያህል በመሆኑ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ በመቶ ትከልላለች፤ ምድር ግን ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም። ከመሬት ሆነው በዚህ ዘዴ የሚፈልጉ ሰዎች አስቀድመው ግዙፎቹን ያገኙት ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ኤች.ዲ. 209458 በተባለው ኮከብ ፊት ፕላኔት ስታልፍ ሲለኩ የተጠቀሙበት ቴሌስኮፕ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

የመሣሪያው ትንሽነት ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል። አንድ በመቶ የሚሆን ጉድለት ቀጭን ደመናም፣ ጉምም፣ የኮከቡ ወደ አድማስ ማዘንበልም ሊፈጥረው ይችላል። ታዲያ ፕላኔቷ እንዴት ትለያለች? ከአንድ ቦይ የሚጠጡ የሩዝ ማሳዎችን ያየ የፎገራ ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። ውኃው በሁሉም ላይ ካነሰ ጉዳዩ የቦዩ ነው፤ በአንዱ ላይ ብቻ ካነሰ ምክንያቱ እዚያው ማሳ ላይ ይፈለጋል። ተመልካቹም የሚፈልገውን ኮከብ በአንድ ምስል ውስጥ ካሉ ጎረቤቶቹ ጋር ያነጻጽራል። ሁሉም አብረው ከደበዘዙ አየሩ ነው።

ያም ሆኖ ጉድለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ትናንሽ ቀይ ከዋክብትም በስፋት ከጁፒተር እምብዛም ስለማይበልጡ የሚጥሉት ጥላ ተመሳሳይ ነው። የሚለያቸው ክብደት ነው። እሱ የሚታወቀው ደግሞ ፕላኔቷ ኮከቡን ወዲህ ወዲያ ስትወዘውዘው በብርሃኑ ላይ ከሚታየው ለውጥ ነው። ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያዋን በፀሐይ መሰል ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ግዙፍ ፕላኔት ያገኙት በዚህ መንገድ ነበር። ሁለቱ ልኬቶች ሲገናኙ እፍጋት ይወጣል፤ የኤች.ዲ. 209458 ፕላኔት እፍጋቷ ከውኃ ያነሰ መሆኑ የታወቀውም እንዲሁ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ሰማይ ላይ ስም አላት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር አገሮች የሰጧቸውን ስሞች ሲያጸድቅ ኤች.ዲ. 16175 «ቡና»፣ ፕላኔቷም «አቦል» ተባሉ። ቡና በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቃ ትገኛለች። አቦል ደግሞ መጠነ ቁሷ ቢያንስ ከጁፒተር አራት እጥፍ የሚበልጥ፣ ኮከቧን ለመዞር ወደ 1,000 ቀን የሚፈጅባት ግዙፍ ናት። የተገኘችው በመወዝወዝ ዘዴ ነው።

አቦል በቡና ፊት ታልፍ ይሆን ብሎ መጠየቅ ያጓጓል። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በመወዝወዝ የተገኘችው የኤች.ዲ. 80606 ፕላኔት በ2009 በኮከቧ ፊት ስታልፍ ተይዛለች። ማለፉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ያን ሌሊት ሙሉውን ያየ አንድም ጣቢያ አልነበረም። በአቦል ላይ ግን ስሌቱ ይከብዳል። ምህዋሯ ሰፊ በመሆኑ ከእኛ አንጻር በኮከቧ ፊት የማለፍ ዕድሏ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ብታልፍም ጉድለቱ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ስሟ የእኛ ስለሆነ ብቻ ሌሊቶቻችንን እሷ ላይ ማፍሰስ ስሕተት ይመስለኛል። ኮከባቸውን በጥቂት ቀናት የሚዞሩት ግዙፎች ዕድላቸው ወደ አሥር በመቶ ይጠጋል፤ ከእነዚህም ማለፋቸው የተረጋገጠው ብዙ ናቸው። የሚያልፉበት ሰዓት ትንበያ በዓመታት ውስጥ በደቂቃዎች ስለሚሳሳት ደጋግሞ የሚለካ ይፈልጋል፤ ኤክሶክሎክ የተባለው ፕሮጀክት ኤሪየል ለተሰኘው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህን መረጃ ከትናንሽ ቴሌስኮፖችም ይቀበላል።

ፎገራ ለዚህ ምን አለው? በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ስለሚገኝ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያያል፤ ሌሊቱም ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የተጠጋ ነው። ክረምቱ በደመና ይዘጋል፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው በጋ ግን ይከፈታል። ጉድለቱንም አልሸሽግም፤ ሜዳው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የጣና እርጥበት ይጫነዋል፣ በባሕር ዳርና ጎንደር መንገድ ላይ ያለችው ወረታም መብራቷ እየበዛ ነው። ርብና ጉማራ የሚነሱበት የጉና ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በምሥራቅ ቆሟል። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ብርሃን ከሥራቸው ነው። ተማሪ በሜዳው ላይ ተለማምዶ ልኬቱን ወደ ጉና ቢወስደው ከሁለቱም የተሻለ ሌሊት ያገኛል።

የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ ቴሌስኮፕና በአንድ ካሜራ ይህን ሥራ ይጀምሩ ዘንድ እጠይቃለሁ። ሩዙ ለአጨዳ ሲደርስ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ከወረታ በስተሰሜን 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በባዶ ዐይን አትታይም፣ በባይኖኩላር ግን ትታያለች።