የትኛው መተማ? የኢንተርኔት ስሞች አጭር ታሪክ

ጎንደር መናኸሪያ ገብታችሁ «መተማ» ብትሉ «የትኛው መተማ?» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። መተማ የወረዳ ስም ነው። ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ ደግሞ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሕይወታቸው ያለፈውን የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ስም ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንዳ ውሃም ሽኸዲ የሚል ሌላ ስም አላት። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቆ ይለየዋል። ኮምፒውተርስ?

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በስም ሳይሆን በቁጥር፣ ማለትም በአይፒ አድራሻ ነው። በመጀመሪያ ዘመን የስምና የቁጥሩ ዝርዝር አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተይዞ፣ ሁሉም ከዚያ ይገለብጥ ነበር። ኔትወርኩ ሲያድግ ፋይሉ አልበቃ አለ። በ1983 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ፖል ሞካፔትሪስ ዲ ኤን ኤስን ነደፈና ዝርዝሩ በብዙ ሰርቨሮች ተከፋፈለ። የእኛ «ነጥብ ኢቲ»ም በ1995 የዚህ ዛፍ ቅርንጫፍ ሆነ።

በዚያው በ1983 የወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 ለሲ ፕሮግራመሮች «ጌት-ሆስት-ባይ-ኔም» የሚባል ፈንክሽን ሰጠ። ስም ትሰጡታላችሁ፣ አድራሻ ይመልሳል። ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ጣጣ ነበረበት። አንደኛ፣ መልሱን ሁሌ እዚያው ቦታ ላይ ስለሚጽፍ ሁለተኛ ስም ስትጠይቁት የመጀመሪያው መልስ ይደመሰሳል። ሁለተኛ፣ በተግባር የሚመልሰው አይፒ ቪ 4ን ብቻ ነው። የቪ 4 አድራሻ ደግሞ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም አልበቃም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ «ጌት-አድር-ኢንፎ» መጣ። ይሄኛው ቪ 4ንም ቪ 6ንም ያካተተ ዝርዝር ይመልሳል፤ ፕሮግራሙ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይሞክራል። ፖዚክስ የተባለው ስታንዳርድ አሮጌውን ፈንክሽን በ2008 እትሙ አስወጣው። አሮጌው ግን ቶሎ አልሞተም፦ በ2015 «ጎስት» የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝበት፣ ስህተቱ በሊኑክስ ላይብረሪ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ ተቀምጦ ነበር።

ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን? ለገንዳ ውሃ ገበሬ የሰሊጥ ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠራችሁ እንበል። የሰርቨሩ ስም ሁለት አድራሻ አለው፤ የመጀመሪያው ጋ መድረስ አልተቻለም፣ ሁለተኛው ደህና ነው። ኮዳችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ሞክሮ ካቆመ ገበሬው «አልተገናኘም» የሚል ያነባል፤ ሰሊጡንም የመጣው ነጋዴ በጠራለት ዋጋ ይሸጣል። ስም መጠየቁ ራሱም ጊዜ ይበላል፦ በሊኑክስ የተለመደው መቼት አንድ ሰርቨር መልስ እስኪሰጥ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ፕሮግራሙም እስከዚያ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄውን ከዋናው ሥራ ለዩት፤ ዝርዝሩንም እስከ መጨረሻው ሞክሩት። የጎንደሩ ረዳት እንኳ «የትኛው?» ብሎ ሳይጠይቅ አያሳፍራችሁም።