በአንገት በኩል የአየር ቧንቧን የመክፈት ቀዶ ሕክምና

የላይኛው የአየር መተላለፊያ በእብጠት፣ በባዕድ ነገር፣ በዕጢ ወይም በአደጋ ምክንያት ሲዘጋ፣ የአንገትን ፊት ሰንጥቆ ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ የማስገባቱ ቀዶ ሕክምና ትራኪዮስቶሚ በመባል ይታወቃል። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከማንቁርት በታች፣ በቧንቧው ሁለተኛና አራተኛ የልም አጥንት ቀለበቶች መካከል ይከፈታል። ፋታ በማይሰጥ አደጋ ግን ሐኪሞች ከዚያ ከፍ ብለው፣ በማንቁርቱ ጉብታ ሥር ባለው ስስ ሽፋን በኩል መግባትን ይመርጣሉ፤ ስፍራው ለቆዳ የቀረበ ነውና። አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ በመሆኑ፣ ከአሠራሩ ይልቅ የሚከብደው ውሳኔው ነው።

ለዚህ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ሕመም ነው። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1799 በቨርጂኒያ፣ ማውንት ቨርነን በሚገኘው ቤታቸው ጉሮሯቸው አብጦ መተንፈስ ሲሳናቸው፣ ከተጠሩት ሦስት ሐኪሞች በዕድሜ የሚያንሱት ኤሊሻ ዲክ የአየር ቧንቧው እንዲከፈት ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱ አንጋፋዎች አልተቀበሏቸውም። በዕለቱ ከሁለት ሊትር በላይ ደም የተቀዳላቸው የ67 ዓመቱ አዛውንት ሌሊቱን ሳይሻገሩ አረፉ። ቀዶ ሕክምናው ያድናቸው ነበር ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ ዘዴው አዲስ አልነበረም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ሙሳ ብራሳቮላ እ.ኤ.አ. በ1546 ሕመምተኛ እንዳዳኑበት ተመዝግቧል። የጎደለው ልምድ ነበር።

አሠራሩን መልክ ያስያዙት አሜሪካዊው ሐኪም ቼቫሊየር ጃክሰን ሲሆኑ፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ቀዳዳው ያለአግባብ ከፍ ብሎ ከተሠራ ማንቁርት ኋላ እንደሚጠብ አስጠንቅቀዋል።

ቱቦው ከገባ በኋላ ያለው ክብካቤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አየሩ በአፍንጫ ስለማያልፍ አይሞቅም፣ አይረጥብም፤ አክታው ይደርቅና ቱቦውን ይዘጋዋል። ስለዚህ አክታ መምጠጫ መሣሪያ፣ ትርፍ ቱቦና የሠለጠነ ነርስ ሌሊትም ሳይቀር ከአልጋው አጠገብ ሊገኙ ይገባል። ሕመምተኛው በአብዛኛው ድምፅ ማውጣት ስለማይችል ተጣርቶ እርዳታ መጠየቅ አይሆንለትም።

የሕፃናትን ጉሮሮ ዘግተው ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ሕመሞች መካከል ዘጊ አናዳና ሂብ የተባለው ባክቴሪያ የሚያስከትለው የጉሮሮ ክዳን እብጠት ይገኙበታል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 መሰጠት የጀመረው ፀረ አምስት ክትባት የሁለቱንም መከላከያ በአንድ መርፌ የያዘ ነው።