ሳልሞን በጂብናና በቅጠል፦ ፉርን ውስጥ ሳይደርቅ እንዴት ይበስላል?

ማዳም ከሥራ ስትመለስ አንድ ጥቅል ሳልሞን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ዛሬ ማታ ይሄን በጂብና፣ ፉርን ውስጥ» ብላሽ ወደ ክፍሏ ገባች እንበል። አሳው ውድ ነው፣ ቢበላሽ የሚተካው ሌላ ቁራጭ ፍሪጅ ውስጥ የለም። ሠርተሽው የማታውቂ ከሆነ ደግሞ ያስጨንቃል። በዚህ ምግብ ላይ የሚመጣው ወቀሳ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ናሽፍ!» ደርቋል ማለት ነው።

የሚደርቅበት ምክንያት ከልምዳችን ይመጣል። እኛ አሳ ስንል የምናውቀው የዝዋይ ወይም የሐዋሳ ቆሮሶ ዘይት ውስጥ ገብቶ ቡናማ እስኪሆን ሲጠበስ ነው። ካልተንኮሻኮሸ አልበሰለም እንላለን። ሳልሞን ግን በራሱ ቅባት ያለው ለስላሳ አሳ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። አምስት ደቂቃ ብቻ ቢያልፍበት እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ይሆናል። ስለዚህ ከጂብናው በላይ ሰዓቱን ጠብቂ።

የሚያስፈልገው (ለ4 ሰው)

4 ቁራጭ ሳልሞን፣ እያንዳንዱ 150 ግራም ገደማ። 150 ግራም የሚቀባ ነጭ ጂብና፤ ቤት ውስጥ ያለው ኪሪ ከሆነ 8 ቁራጭ ያህል ይበቃል። 1 ማንኪያ እርጎ ወይም ወተት፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የወይራ ዘይት። ቅጠሉ ሁለት ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፐርሰሜሎ (በዓረብኛ በቅዱነስ) እና ሸበት፣ ይህኛው እንስላልን የሚመስለው ቀጭን ቅጠል ነው። ከተከተፉ በኋላ ከእያንዳንዳቸው 2 የሾርባ ማንኪያ። ሸበት ከጠፋ ትንሽ የድምብላል ቅጠል ይተካዋል። የጥብስ ቅጠል ግን አታስገቢ፣ አሳውን ይውጠዋል።

ሎሚ ስትጠይቂ ሊባኖስ ውስጥ «ሓሙድ» ነው የሚባለው፣ ባህረ ሰላጤው አገሮች ላይ «ለይሙን»። የአሳ እሾህም ሊባኖስ «ሐሰክ»፣ ባህረ ሰላጤው ላይ «ሾክ» ነው። ማዳም «ፊ ሐሰክ?» ካለችሽ እሾህ አለው ወይ ማለቷ ነው።

አሳውን ማዘጋጀት

በረዶ የሆነ ሳልሞን ማታውኑ ከፍሪዘር ወደ ታችኛው ፍሪጅ ይውረድ። አየሩ ተመጥጦ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ከማቅለጥሽ በፊት ፕላስቲኩን ቅደጂው፤ ያለ አየር እንደታሸገ ሲቀልጥ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። በጠረጴዛ ላይ ወይም በሙቅ ውኃ አታቅልጪ። በተለይ በበጋ፣ ኩሽናው ኤሲ ከሌለው፣ ጥሬ አሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም።

ብዙ ቤት አሳ በሎሚና በጨው ይታጠባል፤ ማዳም ከፈለገች እጠቢው፣ ግን ፈጠን በይ። ሎሚ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ሥጋው ነጣ ብሎ ይጠነክራል፣ እሳት ሳይነካው መብሰል እንደ ጀመረ ቁጠሪው። ከዚያ በኪችን ሶፍት አድርቂው። እርጥብ አሳ ላይ ጂብና አይይዝም፣ ተንሸራቶ ትሪው ላይ ይፈስሳል።

እሾህ ለማግኘት ጣትሽን በሥጋው መሐል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ቀስ ብለሽ አሳልፊ። የሚወጋሽን በወረንጦ ያዢና እሾህ ወደተጋደመበት አቅጣጫ ሳቢው፤ ወደ ላይ ከጎተትሽው ሥጋውን ይቀደዋል። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ሁለት ጊዜ አድርጊ። «እሾህ የለውም» ተብሎ የተሸጠም ቢሆን።

ጂብናው

ጂብናውን ከፍሪጅ 20 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ካወጣሽው በሹካ ይታሻል። እርጎውን፣ የተፈጨውን ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠሉን፣ የሎሚውን ልጣጭ ፍቅፋቂና ቁንዶ በርበሬውን ጨምረሽ ቀላቅይ። የሎሚውን ጭማቂ አሁን አታብዢ፣ ጂብናውን ያቀጥነዋል፤ ገበታ ላይ ይጨመቅበት። ጂብናው በራሱ ጨው አለው፣ ስለዚህ ጨው አሳው ላይ ብቻ ትንሽ ነስንሺ። በጾም ምክንያት መቅመስ ካልቻልሽ ይህ ልኬት ሳይቀመስም ይሠራል። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሳም፤ ጂብና ያለበት ግን ለጾመኛ አይሆንም። ፍስክ ለማይበሉ አንዱን ቁራጭ በዘይትና በሎሚ ብቻ ለይተሽ ጋግሪ።)

ትሪውን ዘይት ቀቢ፣ አሳውን ቆዳው ወደ ታች አድርገሽ ደርድሪ፣ ጂብናውን የግማሽ ጣት ውፍረት ያህል ቀቢው። ከዚያ በላይ ከወፈረ ላዩ ሲሞቅ ታቹ ጥሬ ይቀራል።

ፉርኑና ሰዓቱ

ፉርኑ 200 ዲግሪ ይሁን፤ ፋን ያለው ከሆነ 180። አሳው ከመግባቱ በፊት 10 ደቂቃ ይሙቅ። በጋዝ የሚሠራ አሮጌ ፉርን ከሆነ መጀመሪያ በሩን ክፈቺ፣ ክብሪቱን ለኩሺ፣ ከዚያ ነው ጋዙ የሚከፈተው። ጋዝ ከፍተሽ ሳይያዝ ከቀረ ዝጊው፣ መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ክብሪት አትንኪ። ፊቷና እጇ የተቃጠለባት እህት ብዙ ናት።

2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጭኑ የጭራው ጫፍ 8 ወይም 10 ደቂቃ፤ ስለዚህ እሱን ዘግይተሽ አስገቢ ወይም ጫፉን ከስር አጥፈሽ አወፍሪው። አንድ ኪሎ የሚሆን ሙሉ ጎን ከሆነ 20 ደቂቃ ገደማ። በ10ኛው ደቂቃ ማየት ጀምሪ። ወፍራሙ ቦታ ላይ ቢላ አስገብተሽ ገለጥ አድርጊ፤ ጥሬው ሥጋ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ደማቅ ቀለም አለው፣ የበሰለው ደግሞ ፈዘዝ ብሎ በንብርብር ይለያያል። ቴርሞሜትር ካለ መሐሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ የሚበላ ከሆነ መሐሉ ጥሬ እንዳይቀር።

ከጎኑ ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ቢወጣ አትደንግጪ፣ አልተበላሸም። የአሳው ፕሮቲን ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ይወጣል። ብዙ ካየሽ ግን ቶሎ አውጪው ማለት ነው። ላዩ ቡናማ እንዲሆን ከተፈለገ በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች የላይኛውን እሳት አብሪ፣ ከፊቱም አትራቂ።

ቤተሰቡ ቢዘገይስ? አብስለሽ አትጠብቂ። ትሪውን ጂብናው እንደተቀባ ሸፍነሽ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪውና ሰዎቹ በር ሲገቡ አስገቢ፤ ከቅዝቃዜ ስለሚወጣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሪለት። ለዚህ የብረት ትሪ ተጠቀሚ። የቀዘቀዘ የመስታወት ትሪ ትኩስ ፉርን ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሩዝና ሰላጣው አስቀድመው ቢሠሩ ችግር የለውም።

ከደረቀብሽም ሁሉም አልጠፋም። ጂብናውን ሳታነሺ በሹካ ፈታፍተሽ በእርጎና በሎሚ አለስልሺና ከትኩስ ፓስታ ጋር ቀላቅይው፤ እንደዚያ ታስቦ የተሠራ ይመስላል።

ያንቺ ድርሻ

ይህን የምናነሳው አንዳንድ ቤት «አሳው ውድ ነው፣ አንቺ ሌላ ብዪ» ስለሚባል ነው። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ 2015) እና የኳታሩ (ቁጥር 15፣ 2017) አሠሪው ለሠራተኛዋ ምግብ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ሳልሞን ይሰጥ አይሉም። ግን ያንቺ እራት የሌላው ትራፊ እስኪተርፍ መጠበቅ የለበትም። ሩዙንና ሰላጣውን ስትሠሪ የራስሽን አብረሽ ቁጠሪ።

ሳልሞን በልተሽ የማታውቂ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ቅመሺ። ከንፈር ቢያሳክክ፣ ፊት ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለቤቱ ሰው ተናገሪ፣ ሐኪም ያስፈልጋል።

የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ እስከ 3 ቀን ይቆያል። በማይክሮዌቭ ከሞቀ ቤቱን በሙሉ ያሸታል፣ ይደርቃልም፤ ከፍሪጅ አውጥቶ ቀዝቃዛውን በዳቦ ይሻላል።