ከጣሪያ በታች፦ ትንሹ የቧንቧ ኦርጋንና አማተር ሠሪዎቹ

ስለ ቧንቧ ኦርጋን የሚጻፈው ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በካቴድራሎች ላይ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቧንቧዎች፣ አራትና አምስት ደርብ የጣት ቁልፎች፣ ግድግዳ ሙሉ የተቀረጸ እንጨት ተመራማሪን ቢማርኩ አያስገርምም። በዚህ መጣጥፍ የማነሣው ግን በመኖሪያ ቤት ክፍል ውስጥ የሚቆመውን፣ ከጥቂት ደርዘን እስከ ሁለት መቶ ያህል ቧንቧ ያለውን፣ መተዳደሪያው ሌላ በሆነ ሰው እጅ የሚሠራውን ኦርጋን ነው። ይህ መሣሪያ የካቴድራሉ ኦርጋን ታናሽ ቅጂ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ይመስለኛል። የጣሪያ ቁመት፣ የኪስ ዐቅምና የጎረቤት እንቅልፍ ያስገደዱት የራሱ ሥርዐት አለው፤ ጥራቱም መለካት ያለበት በዚያው ሥርዐት ነው። (በመጣጥፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በታሪክም ቢሆን ቀዳሚው ትንሹ ነው። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ ክቴሲቢዮስ የተባለው መሐንዲስ ነፋሱን በውኃ ክብደት የሚያረጋጋ ኦርጋን ሠራ። በ1931 በዛሬዪቱ ቡዳፔስት፣ በጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ በአኩዊንኩም ቁፋሮ የተገኘው ኦርጋን አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ዐሥራ ሦስት፣ በድምሩ 52 ቧንቧዎች ነበሩት። አብሮት የተገኘው የነሐስ ጽሑፍ መሣሪያው በ228 ለከተማዋ የእሳት አጥፊዎች ማኅበር የተሰጠ ስጦታ መሆኑን ይናገራል። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ አንድ ሰው በጭኑ ላይ አስቀምጦ በአንድ እጁ ወናፉን እየነፋ በሌላው የሚጫወተው ኦርጋን በአውሮፓ ተስፋፍቶ ነበር።

ወደ አገራችንም የዘለቀው እንዲህ ያለው ታናሽ መሣሪያ ሳይሆን አይቀርም። በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል ኦርጋን እንደነበረ፣ ከአባላቱም አንዱ የኦርጋን ተጫዋች እንደነበረ የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጽፏል። ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በእንስሳና በሰው ሸክም ተራራ የወጣ ዕቃ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሞላ ሊሆን አይችልም።

የቤት ኦርጋን ታሪክ ጎልቶ የሚታየው ግን በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በቶገንቡርግ ሸለቆ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ኡልሪክ ዝዊንግሊ በ1484 የተወለደው በዚሁ ሸለቆ፣ ቪልድሃውስ በምትባል መንደር ነበር። ዝዊንግሊ ራሱ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሆኖ ሳለ፣ እርሱ በመራው ተሐድሶ የዙሪክ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋናቸውን አጡ። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ፣ የቶገንቡርግ ገበሬዎች ኦርጋንን ወደ እንጨት ቤታቸው የላይኛ ክፍል አስገቡት። ቤተሰቡ ማታ ተሰብስቦ መዝሙረ ዳዊትና የምስጋና መዝሙር ሲዘምር የሚያጅበው ይኸው ነበር። ከሠሪዎቹ ቀደምት የሆነው ቬንደሊን ሎዘር (1720–1790) የሸለቆው ተወላጅ ነበር፤ ሌሎቹም ከአካባቢው እንጨት ሠራተኞች መካከል የወጡ ናቸው። የክፍሉ ጣሪያ ዝቅ ያለ በመሆኑ መሣሪያውም አጠር ብሎ ተሠራ፤ ቧንቧው በአብዛኛው እንጨት ሆነ፤ ወናፉን ተጫዋቹ በእግሩ ይረግጣል፤ የሳጥኑ በሮች በአበባና ሙዚቃ በሚጫወቱ መላእክት ሥዕል ያጌጡ ናቸው። ከእነዚህ ኦርጋኖች ጥቂቶቹ ዛሬም በኤብናት-ካፔል በሚገኘው ሙዚየም ይታያሉ፤ ይደመጣሉም። ለእኔ የቶገንቡርግ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ኦርጋኑን የሚፈልገው፣ የሚሠራውና የሚጫወተው ሕዝብ አንድ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የአማተሮች ዘመን የመጣው በእንግሊዝ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የኢሊ ካቴድራል የመዝሙር መሪ የነበሩት ቄስ ደብልዩ. ኢ. ዲክሰን ስለ ኦርጋን አሠራር ለተራ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1887 ደግሞ ማርክ ዊክስ በተለይ ለቤት ሠራተኞች የጻፈው መመሪያ ወጣ። ዊክስ ከብረት ይልቅ በወረቀት ነው የሚሠራው፤ ወረቀቱ ሙጫ ተቀብቶ በእንጨት ዘንግ ላይ በድርብርብ ተጠቅልሎ ሲደርቅ ጠንካራ ቧንቧ ይሆናል። ቆርቆሮና እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ ምድጃ፣ ቦታና ልምድ ይጠይቃል፤ ወረቀትና ሙጫ ግን የማንም ሰው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በዚያው ትውልድ የነበረው ጆርጅ ኦድስሊ ሙያው ሥነ ሕንፃ ነበር። ኦርጋንን በፍቅር አጥንቶ በ1905 ሁለት ግዙፍ ቅጾች ያሉት የኦርጋን አሠራር መጽሐፍ ጻፈ፤ ለ1904ቱ የሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ከ10,000 በላይ ቧንቧ የነበረውን ኦርጋን የነደፈውም እርሱ ነው። በአማተርና በባለሙያ መካከል አለ የሚባለው ግንብ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ወደ መሣሪያው ልግባ። የአማተሩ የመጀመሪያ ጠላት ጣሪያ ነው። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ቧንቧ የሚፈጥረው የድምፅ ሞገድ የቧንቧውን ርዝመት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በኪቦርዱ ግራ ጫፍ ላለው ዶ፣ ማለትም ለ65.4 ኸርዝ፣ ወደ 2.6 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያስፈልጋል። ከሥሩ እግሩና የነፋስ ሳጥኑ ሲጨመሩ ከተራ መኖሪያ ቤት ጣሪያ ያልፋል። መፍትሔው የቧንቧውን አናት በውታፍ መድፈን ነው፤ ያን ጊዜ ያንኑ ድምፅ 1.3 ሜትር ያህል ቁመት ያወጣዋል። ዋጋም ያስከፍላል፤ የተደፈነ ቧንቧ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ በዋናነት የሚያሰማው ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ተከታይ ድምፆች ብቻ በመሆኑ ድምፁ ለስላሳ፣ ጨለም ያለ ነው። ያንን ለማብራት ከላዩ በአንድና በሁለት ኦክታቭ ከፍ የሚሉ፣ ባለ 4 ጫማና ባለ 2 ጫማ የሚባሉ ረድፎች ይታከላሉ። 54 ቁልፍ ያለው ባለ ሦስት ረድፍ መሣሪያ 162 ቧንቧ ይኖረዋል፤ በባለ 2 ጫማው ረድፍ የመጨረሻዋ ቧንቧ ድምፅ ሰጪ አካል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ድልድል ለብዙ ዘመን የቆየ ነው፤ ዛሬ ንድፍ የሚጀምር አማተርም ከዚህ ቢነሣ አይሳሳትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ውፍረት ነው። ቧንቧው በአንድ ኦክታቭ ርዝመቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ሁሉ ውፍረቱም በግማሽ ቢቀንስ፣ ከፍተኛዎቹ ድምፆች ቀጥነው ይከስማሉ። ውፍረቱ ከነጭራሹ ባይቀንስ ደግሞ ከላይ ያሉት ድምፆች ደንዝዘው ጥራታቸውን ያጣሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቫይማር የኖረው ዮሐን ጎትሎብ ቶፕፈር ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ዲያሜትሩ በግማሽ የሚቀንሰው በ17ኛው ቧንቧ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ቧንቧ ዲያሜትር ለማግኘት የቀዳሚውን በ0.958 ማባዛት ይበቃል። የእንጨት ቧንቧ ለሚሠራ ሰው ይኸው ስፋት ወደ አራት ማዕዘን ይለወጣል። ስሌቱ መነሻ ይሰጣል እንጂ ክፍሉን አያውቅም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቆም ኦርጋን ታችኛው ድምፁ ትንሽ ቀጠን ቢል የተሻለ ይስማማል ባይ ነኝ።

የሙያው ልብ ግን ድምፅ መግራት ነው። አራት ጣውላ ተላግቶ፣ ተጣብቆ፣ አፉ ተቀርጾ የተሠራ ቧንቧ ገና ድምፅ የለውም፤ ያፏጫል ወይም ይተነፍሳል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን እያጠበበና እያሰፋ፣ ትንፋሹን እያበረታና እያላላ ድምፁን በየቅጽበቱ ያርማል፤ የኦርጋን ቧንቧ ግን ከንፈሩ አንዴ ከተቆረጠ በቃ ነው። ከእግሩ የገባው ነፋስ በስስ ስንጥቅ በኩል እንደ ሉህ ተዘርግቶ ይወጣና የላይኛውን ከንፈር ይመታል፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲወዛወዝ በውስጡ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። የአፉ ቁመት ከስፋቱ ሩብ አካባቢ ሲሆን ድምፁ ፈጣንና ብሩህ ይሆናል፤ ወደ ሲሶ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰነፍና ነፋሻ ይሆናል። በጣም ዝቅ ያለ አፍ ያለው የተደፈነ ቧንቧ ደግሞ መሠረታዊ ድምፁን ጥሎ በአንድ ኦክታቭና አምስተኛ ከፍ ወዳለው ድምፅ ይዘላል።

ስለዚህ ሠሪው አፉን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ቧንቧውን ከነፋስ ሳጥኑ ላይ ያቆማል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ያዳምጣል፤ ያወርደዋል፤ በተሳለ ቢላ ከላይኛው ከንፈር ወረቀት የምታክል ፍቅፋቂ ያነሣል፤ መልሶ ያቆማል። ድምፁ ሲነሣ የሚሰማው አጭር የትንፋሽ ድምፅ እየጠራ ሄዶ ከዋናው ድምፅ ጋር የሚዋሐድበት ነጥብ አለ። እዚያ ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ የተነሣ እንጨት አይመለስምና። ከዚያም ጎረቤት ቧንቧው ይጠብቀዋል፤ ሁለቱ በጥንካሬም በቀለምም መስማማት አለባቸው። 162 ቧንቧ በዚህ መንገድ መግራት የሚያስከፍለው ጊዜ ለንግድ ዎርክሾፕ ከባድ ወጪ ነው። አማተሩ ግን ጊዜ አለው፤ ከባለሙያው ጋር በእኩል የሚቆምበት ሜዳም ይኼ ነው።

ያለን መሣሪያ ለማሻሻል የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው አንድ ረድፍ መጨመር ነው። እኔ በጥብቅ የምመክረው ከነፋሱ እንዲጀምር ነው። ለትንሽ ኦርጋን የነፋስ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር የውኃ ከፍታ ነው። መለኪያውን ማንም ሊሠራው ይችላል፦ በዩ ቅርጽ የታጠፈ ብርሃን አሳላፊ ጎማ ውስጥ ውኃ ጨምሮ አንዱን ጫፍ ከነፋስ ሳጥኑ ጋር ማገናኘት ነው። በሁለቱ ወገኖች የውኃ ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት ግፊቱን ያሳያል። በሁለቱም እጅ ሙሉ አኮርድ ሲመታ ውኃው ከተንቀጠቀጠ ወይም ከወረደ፣ ችግሩ ከቧንቧዎቹ ሳይሆን ከወናፉ፣ ከመተላለፊያው ጥበት ወይም ከቀዳዳ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ግፊት ማለት በካሬ ሜትር 60 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው፤ ስለዚህ የወናፉ ክዳን ግማሽ ካሬ ሜትር ከሆነ፣ የክዳኑን ክብደት ጨምሮ 30 ኪሎ ይጫንበታል። እንዲህ ያለ ቀላል ስሌት ብዙ ድካም ያድናል።

ከነፋሱ ቀጥሎ የሚታዩት የቫልቮቹ ቆዳና ሞላዎች ናቸው። ቆዳው ሲደርቅ ቫልቩ በደንብ አይገጥምም፤ ሳይነካ የሚጮህ ቧንቧ ይመጣል። ሞላው ሲጠነክር ጣት ይደክማል፣ ሲላላ ቁልፉ ቶሎ አይመለስም። ሦስተኛው ሙቀት ነው። የአየር ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የቧንቧው ድምፅ በ3 ሳንቲም ያህል፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ሦስት መቶኛ ያህል ከፍ ይላል። ክፍሉ በሙሉ እኩል ቢሞቅ ቧንቧዎቹ አብረው ስለሚወጡ እርስ በርስ ያላቸው ቅኝት አይፈርስም፤ ከቀዝቃዛ ጓዳ ነፋስ እየሳበ በሞቀ ክፍል የሚጫወት ኦርጋን ግን ቅኝቱን አይጠብቅም። የነፋስ ማመንጫው የሚስበው ኦርጋኑ ካለበት ክፍል መሆን አለበት። እነዚህ ሦስቱ ሲስተካከሉ ረድፍ የመጨመሩ ጉጉት ብዙ ጊዜ ይበርዳል።

የመጫወቱም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቁልፉ በእንጨት ዘንግ በቀጥታ ቫልቩን በሚከፍትበት ኦርጋን፣ ጣት ቫልቩ ከነፋሱ ግፊት ሲላቀቅ ትንሽ ነጠቅ የማለት ስሜት ይሰማዋል። ተጫዋቹ የድምፁን አነሣሥና አጨራረስ የሚቆጣጠረው በዚህ ስሜት ነው። የእግር ቁልፍ የሌለው መሣሪያ ድርሰት አያጣም፦ በ1635 የታተመው የፍሬስኮባልዲ የቅዳሴ ሙዚቃ ስብስብ በአመዛኙ በእጅ ብቻ ይቻላል፤ ሃንደል በ1738 ያሳተማቸው የኦርጋን ኮንቸርቶዎችም የተጻፉት የእግር ቁልፍ ላልነበራቸው የእንግሊዝ ኦርጋኖች ነው። እያንዳንዱን ቧንቧ በገዛ ቢላው የገራ ሰው እነዚህን ሲጫወት ድምፁ እስኪነሣ መጠበቅን፣ እስኪያልቅ መታገሥን አስቀድሞ ያውቃል።

ዩኔስኮ በ2017 የጀርመንን የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝሩ ሲመዘግብ፣ በአገሪቱ 50,000 ያህል ኦርጋኖችና 400 ያህል የሥራ ድርጅቶች እንዳሉ ተጠቅሷል። በየቤቱ የቆሙት አማተር መሣሪያዎችም የዚሁ ዕውቀት ተሸካሚዎች ናቸውና ተመራማሪዎች ንድፋቸውን፣ ልኬታቸውንና የሠሪዎቻቸውን ማስታወሻ ሊሰበስቡ ይገባል።

ለመሥራት ለሚመኝ አንባቢ ደግሞ አደራ የምለው ከኦርጋን እንዳይጀምር ነው። አራት ስስ ጣውላ ልጎ፣ ውስጡ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አንድ ቧንቧ ይሥራ፤ ቆዳ የለበሰ ውታፍ ይግጠምለት፤ በአፉ እየነፋ ከንፈሩን በትንሽ በትንሹ ይቁረጥ። ውታፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ርዝመቱ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ሲቃረብ ቧንቧው መካከለኛውን ዶ ይሰጣል።