ስለ ጠፉት የመጻሕፍት ገበያዎችና ስለ እናቴ መጽሐፍ

የመጽሐፍን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ መጽሐፍ የሚሸጥበትን ስፍራ ታሪክ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ደራሲው ይመሰገናል፤ ያሳተመውም ይታወሳል፤ መጽሐፉን በጀርባው ተሸክሞ ከገበያ ወደ ገበያ ያዞረው ሰው ግን ስሙ አይነሣም። እኔ ዛሬ በሆሳዕናና በሐዲያ በከምባታም ከተሞች ስለ ነበሩት፣ አሁን ግን ስለ ጠፉት የመጽሐፍ መሸጫዎችና ማከራያዎች መጻፌ አንደኛ ስለዚህ ነው። ሁለተኛውም ምክንያት፣ በልጅነቴ ከነዚህ ስፍራዎች በአንዱ የሠራሁት በደል ስላለ ነው፤ እርሱንም በየተራው እናገራለሁ።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስፍራው አስቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አገሩን እንዲገዙ የተሾሙት፣ በኋላም ራስ የተባሉት አባተ ቧያለው፣ ከተማውን በሆሳዕና በዓል ስም ሰየሙት። የቀድሞው ስም ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ተብሎ ይጠራልና።

በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ማለት ብራና ነበረ። ከሸዋ ወደ ደቡብ የሚወርደው ካህን ዳዊቱን በማኅደር አድርጎ በትከሻው አንግቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛ መጽሐፍ የፈለገ እንደ ሆነ ገበያ አይወጣም፤ ባለመጽሐፉን አጠያይቆ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ተውሶ ያስገለብጣል እንጂ። ቆዳው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ብርዑ ተቀርጾ ጸሐፊው ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ መጽሐፍ ፍለጋ ማለት ሰው ፍለጋ ነበረ። በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው ባሳተሙ ጊዜ፣ መጽሐፍ ፈላጊ ሁሉ የሚፈልገውን አስቀድሞ በስሙ እንዲያውቅ መንገድ ከፈቱለት። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ የወረቀት መጽሐፍም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ ሄደ። ከታተመው ነገር ሁሉ ይልቅ ወደ ገጠር የዘለቀው ግን ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት የፊደል ገበታ ይመስለኛል። አንድ ወረቀት፣ ዋጋው ርካሽ፣ ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ዳዊት ያልደረሰበት ቤት እርሱ ይደርስ ነበር።

እኔ በ1970ዎቹ ዓመታት በልጅነቴ ያየኋቸው የመጽሐፍ ስፍራዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ።

የመጀመሪያው የገበያው አዟሪ ነው። በገበያ ቀን ቆጮና ቅቤ ከሚሸጥበት ራቅ ብሎ ጆንያውን ያነጥፋል፤ በላዩም የፊደል ገበታውን፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክዐ ጊዮርጊሱን፣ የዘመን መቁጠሪያውን በተራ ይደረድራል፤ ከነርሱም አጠገብ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አይጠፋም። ዝናብ የመጣ እንደ ሆነ የጆንያውን አራት ማዕዘን ሰብስቦ ወደ ሰው ደጅ ይሮጣል፤ ጻድቁም ዘፋኙም በአንድ ጆንያ ተደባልቀው ይሰነብታሉ። እንደ ዱራሜ፣ እንደ አንጋጫ፣ እንደ ሺንሺቾና እንደ ሾኔ ባሉት ከተሞች እኔ በሄድሁበት ጊዜ ያየሁት ይህንኑ አዟሪ ብቻ ነበረ።

ሁለተኛው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ከደብተሩና ከጠመኔው በላይ ባለው መደርደሪያ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያሳተማቸው ልብ ወለዶች ይቆማሉ፤ ከአጠገባቸውም በሞስኮ ፕሮግሬስ የተባለው ማተሚያ በአማርኛ ተርጉሞ ያወጣቸው የሶሻሊዝም መጻሕፍት አሉ። የነዚህ ወረቀታቸው መልካም፣ ዋጋቸውም ርካሽ ነበረና፣ የማያነባቸውም ሰው ይገዛቸው ነበር።

ሦስተኛውና ለእኛ ለልጆች ከሁሉ የሚበልጠው የኪራይ ቤት ነው። ቤት መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ አንዲት መስኮት ነበረች። መጽሐፍ ለአንድ ሌሊት አሥር ሳንቲም ይከራያል፤ ገንዘብ ወይም ሌላ መጽሐፍ መያዣ ሳይሰጡ መውሰድ ግን የለም። ባለቤቱ ብልህ ሰው ነበር፤ መጨረሻው ገጽ የተቀደደበትን መጽሐፍ እንኳ ያከራያል፤ አንባቢው በማለዳ መልሶ ሲያመጣ የጎደለውን በቃሉ ይነግረዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ከነዚያ መጻሕፍት አንዱን ሙሉውን አግኝቼ ባነበብሁ ጊዜ፣ የሰውዬው ፍጻሜ ከደራሲው ፍጻሜ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን አወቅሁ፤ የሰውዬውም ይሻል ነበር።

የመጽሐፍ ፍቅር ወደ ከተማችን በጆሮም ይገባ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው መጽሐፉን ፍለጋ ወደ መስኮቷ ይመጡ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ወዲያው ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያ መጽሐፍ ስሙ ሳይጠራ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ከሚተማመኑት ወደሚተማመኑት ብቻ ይሄድ ነበር።

ከመጻሕፍቱም መካከል ከውጭ አገር የመጡ ባለሥዕል መጽሔቶች ነበሩ፤ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የተነገረ፣ ንግግሩም ከሰዎቹ አፍ እንደ አረፋ ወጥቶ የተጻፈ። ቋንቋውን ስለማናውቅ ንግግሩን እኛው እንፈጥርለት ነበር። ታላላቆቻችን የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ናቁት። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የአገራችን ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል በአንድ ሸራ ላይ በተራ ይሥሉት የለምን? በቤተ መቅደስ ግድግዳ የተሣለው የሰማዕታት ገድል ማንበብ ለማይችለው ምእመን በተከታታይ ሥዕል የተነገረ ታሪክ አይደለምን? የመጽሔቱ ነገር ቀላል ይሁን እንጂ ጥበቡ ለእኛ እንግዳ አልነበረም።

አሁን ወደ በደሌ እመለሳለሁ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የተማረ እንዲያስተምር፣ ያልተማረም እንዲማር ታወጀ፤ በየዙሩም የማስተማሪያው ቋንቋ እየተጨመረ 15 ደረሰ። ከነዚያም መካከል ሐዲይኛና ከምባትኛ ነበሩ፤ የሁሉም መማሪያ የተጻፈው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ ሥራ ኢትዮጵያ በሚከተለው ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት ተቀበለች።

እናቴ ሐዲያ ናት። እንሰት ስትፍቅ ውላ፣ በደነደነ ጣቷ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደሉን ትከተል ነበር። ለትምህርት የተሰጣት ቀጭን የሐዲይኛ መጽሐፍ ነበራት። መጀመሪያ ቃሉን አያይዛ ያነበበች ቀን ሳቀች፤ «ይኼማ እኛ ቤት የምንናገረው ነው!» አለች። የሰው ልጅ ነገሩን በወረቀት ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አየሁ፤ ነገር ግን አላስተዋልሁም። እኔ ዳዊት ደጋሚ ነኝ ብዬ እኮራ ነበርና፣ የእናቴን መጽሐፍ እንደ መጽሐፍ አልቆጠርኋትም።

በ1975 ዓ.ም. የማሞ ውድነህን «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» ለመከራየት ሄድሁ፤ አሥር ሳንቲም ነበረኝ፤ መያዣ ግን አልነበረኝም። ተመልሼ ቤት ገባሁና የእናቴን መጽሐፍ ከቅርጫቷ አውጥቼ ወሰድሁ። ባለመስኮቱም እያገላበጠ አይቶ፣ «ይችን ማን ይከራያታል፤ ለአንተ ብዬ ግን እይዛታለሁ» አለኝ። አንድ ሌሊት ያልሁት አራት ሌሊት ሆነ። በአምስተኛው ቀን መጽሐፉን ይዤ ስመለስ የእናቴ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠሏ ተለያይቶ ለስኳር መጠቅለያ ሆኖ ነበር። እርሱን አልወቅሰውም፤ ቀኑን ያሳለፍሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ብዙ ቀን ፈለገቻት፤ እኔም አብሬ የምፈልግ መሰልሁ። ከዚያ ወዲያ እናቴ አላነበበችም። የአማርኛ መጽሐፍ በቤታችን ነበረ፤ እርሷ ግን አማርኛ ለገበያ ያህል እንጂ ለንባብ አታውቅም፤ በራሷ ቋንቋ የተጻፈ ሁለተኛ መጽሐፍም በአዟሪው ጆንያ ላይ አልነበረም። የሰው ዓይን የሚጠፋው በሕመም ብቻ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አኮፋዳዬን አንግቼ ወደ ጎጃም ወደ ቅኔ ቤት ሄድሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚይዘው መጽሐፍ የለም፤ መምህሩ ቅኔውን ከነምሥጢሩ በቃላቸው ይነግራሉ፤ ተማሪውም ሌሊት እየቈጠረ ያድራል። ወረቀት ቢቃጠል በአንድ ሰው ልብ ያለውን እሳት አይደርስበትም። ብዙ ዘመን በዚህ ተጽናናሁ፤ ሐዲይኛም በሕዝቡ አፍ አለና ምን ጠፋ? እል ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አልልም። ቋንቋው አልጠፋም፤ የጠፋው በዚያ ቋንቋ እናቶቻችን መጀመሪያ እንዴት እንዳነበቡ የሚያስረዳው ምስክር ነው።

ተምሬ ከተመለስሁ በኋላ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የሰዋስውና የግስ መጽሐፍ ዓመታት ፈለግሁት። አለቃ በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ ነው። በመጨረሻ በአዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በሁለት በግ ዋጋ ገዛሁት። ደስታዬ ታላቅ ነበር። ወደ ሆሳዕና በአውቶቡስ ስመለስ ግን መጽሐፉን በጉልበቴ ላይ አድርጌ አሰብሁ፤ ታላቁን መጽሐፍ የሚፈልገው ብዙ ስለ ሆነ አንድ ቀን ይገኛል፤ ታናሿን የሚፈልጋት ስለሌለ እርሷ ትጠፋለች።

እነዚያም ስፍራዎች አንድ በአንድ ጠፉ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የኩራዝ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አለቁ፤ የሞስኮዎቹም በኪሎ ተሸጡ። የኪራይ መስኮቷ ቪዲዮ የሚታይበት ቤት ሆነች፤ ቪዲዮ ቤቱንም በተራው ተንቀሳቃሽ ስልክ አባረረው። በትምህርት ቤት ሐዲይኛና ከምባትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው መማራቸው መልካም ነው። ነገር ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፉት የዘመቻው መጻሕፍት ያን ጊዜ ለልጆቹ የማይነበቡ፣ ለወላጆቹም የማይጠቅሙ መሰሉ፤ ማንም ሳይጠላቸው፣ ማንም ሳያቃጥላቸው፣ በስኳርና በበርበሬ ላይ አለቁ።

እኔም ፍለጋ ጀመርሁ። በአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠየቅሁ፤ የቅኔ መምህር የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ መፈለጉ እያስገረማቸው ሳቁ። በሆሳዕናም የዘመቻው አስተማሪ የነበሩትን ጠየቅሁ፤ ሁሉም ያስታውሷታል፤ ያላት ግን የለም። በመጨረሻ በአምበሪቾ ተራራ ግርጌ በዱራሜ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንዳሏቸው ሰማሁና ሄድሁ። የእርሳቸው የሐዲይኛው ሳይሆን የከምባትኛው ነበር። ጀርባው በክር ተሰፍቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሳጥን ተቀምጧል። «መምህር፣ ይሽጡልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸውም፣ «መሪጌታ፣ ይህ አይሸጥም፤ ለአንድ ሌሊት ግን ይከራያል» አሉኝ። እርሳቸውም ከዚያች መስኮት ተከራይተው ኖረዋልና ሁለታችንም ሳቅን።

ያን ሌሊት በቤታቸው አድሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ሐዲይኛና ከምባትኛ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና አንዳንዱ ቃል የእናቴ ቃል ነበር፤ ስስት መምህሩ ከአልጋቸው ሆነው ያርሙኝ ነበር። በማለዳ መልሼ ሰጠኋቸው። መያዣ አልጠየቁኝም።

የእናቴን መጽሐፍ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እርሷም ዐርፋለች፤ እውነቱን ሳልነግራት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ካህናትና የከተማ ሰዎች ሆይ፣ ታላላቆቹን መጻሕፍት ባለሟሎቻቸው ይጠብቋቸዋል። እናንተ ግን በየሳጥናችሁ ግርጌ፣ በየቆጡ ላይ፣ በየዕቃ ቤቱ ጥግ ፈልጉ። በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ የተጻፈች፣ ሽፋኗ የረገፈ ቀጭን መጽሐፍ ብታገኙ ለመጠቅለያ አትስጧት። ያነበበቻት እናት ያለች እንደ ሆነም አስቀድማችሁ ለእርሷ መልሱላት።