ደመወዝ የሌለው ባለቤት፦ የብቸናና የሞጣ ነጋዴ በጡረታ ሕጉ ፊት

በእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ በብቸናም ሆነ በሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ፣ ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ለእርጅናው የሚያስቀምጠው ሀብት በዓይን የሚታይ ነው፤ የሚከራይ ቤት፣ በመጋዘን ያለ ጤፍ፣ በዕቁብ የሚሽከረከር ገንዘብ። ይህ ሀብት ሥር የያዘ ቢሆንም አንድ ድክመት አለው፤ ሁሉም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ዳር የተከማቸ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ቀን ጠፍቷል። ጡረታ ከዚህ የተለየ የሀብት ዓይነት ነው፤ ከሱቁ ውጭ ይቀመጣል፣ ባለመብቱ ሲሞትም ለትዳር ጓደኛው የአበሉ 50 በመቶ ይተላለፋል።

የመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 209/1955 በጡረታ ሲታቀፍ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው አጠቃላይ ሽፋን ለማግኘት እስከ አዋጅ ቁጥር 715/2003 መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። አሠሪው ከደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ባለቤቱ እንግዳ ቦታ ላይ ይገኛል። ለአሻሻጩ በየወሩ እያዋጣ፣ ራሱ ደመወዝተኛ ስላልሆነ በስሙ የሚመዘገብ የአገልግሎት ዘመን የለውም። ሕጉ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የመግባት በር ከፍቷል፤ ዳሩ ግን በሩ መኖሩን የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ይመስለኛል።

ሁለተኛው መንገድ የንግድ ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል። የጡረታ ሕጉ የሥራ መሪውንም ስለሚያቅፍ፣ ማኅበሩን በሥራ አስኪያጅነት እየመራ ደመወዝ የሚከፈለው ባለቤት መዋጮ ሊከፈልለት ይገባል የሚለውን አተረጓጎም እደግፋለሁ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ማኅበር የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ በመሆኑ የተሟላ የሂሳብ መዝገብ መያዝ አለበት፤ ለአነስተኛ ሱቅ የሂሳብ ባለሙያው ክፍያ ብቻውን ሊከብድ ይችላል። ሽያጩ ከፍ ላለ የእህል ነጋዴ ወይም ሆቴል ግን ያዋጣል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪው ለሠራተኛው ጡረታ ወይም የቁጠባ ፈንድ (ፕሮቪደንት ፈንድ) የሚያዋጣውን እስከ ደመወዙ 15 በመቶ ድረስ ከሥራ ግብር ነፃ ያደርጋል። ከግዴታው 11 በመቶ በላይ ለፕሮቪደንት ፈንድ 4 በመቶ መጨመር ይቻላል ማለት ነው። በፈቃድ የሚደረገው መዋጮ ከ15 በመቶ ካለፈ ግን ከዚያ በላይ ያለው ለድርጅቱ በወጪነት አይያዝለትም።

ታዲያ ብዙ ማዋጣት ብዙ ጡረታ ያስገኛል? ስሌቱ በቅርበት መታየት አለበት። አበሉ በግል ሂሳብ ከተጠራቀመ ገንዘብ አይመነጭም፤ የሚሰላው በአገልግሎት ዓመታትና በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በ60 ዓመቱ የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እያንዳንዳቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በአማካይ 3 በመቶ ሲያስገኙ፣ ቀጣዮቹ የዚያን ግማሽ እንኳ አያስገኙም ማለት ነው። በ10,000 ብር ደመወዝ የወር መዋጮው በድምሩ 1,800 ብር ነው፤ በ45 ዓመቱ የጀመረ ሰው 3,625 ብር፣ በ30 ዓመቱ የጀመረ 5,500 ብር አበል ይኖረዋል። ስለዚህ ለብቸናው ወይም ለሞጣው ነጋዴ ወሳኙ ዕድሜ 50 ነው። እስከዚያ ያልገባ ሰው በ60 ዓመቱ አሥር ዓመት አይሞላለትምና የዘላቂ አበል መብት አያገኝም።

ከዚህ ሌላ ውጤት ይከተላል። ደመወዝን በመዝገብ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የዛሬን መዋጮ ቢቀንስም የነገውን አበል በዚያው ልክ ይቆርጣል። ደመወዝን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ብቻ ማናር ደግሞ ሌሎች አዋጪዎች የሞሉትን ፈንድ መዝረፍ ነው፤ አልመክረውም። እውነተኛውን ደመወዝ ከመጀመሪያው ማስመዝገብና ከንግዱ ጋር ማሳደግ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስሌቱ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደመወዝ ስለሚይዝ በመካከሉ የመጣውን የዋጋ ንረት በከፊል ያካክሳል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን አበሉ ራሱ በንረት ይሸረሸራልና የኪራይ ቤቱን መተው ስህተት ይሆናል።

ሩዋንዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤጆሄዛ የተባለ የፈቃድ የረጅም ጊዜ ቁጠባ ስትጀምር፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቆጣቢዎች መንግሥት እንዲጨምርላቸው አድርጋለች። በአማራ ክልል የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ አነስተኛ ቆጣቢን በየወረዳው ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል፤ በፈቃድ የሚገባ የጡረታ መዋጮም በዚሁ መስኮት ቢሰበሰብ ነጋዴው ወደ ዞኑ ከተማ ደብረ ማርቆስ መመላለስ አያስፈልገውም።

እስከዚያው በባለቤቱ እጅ ያለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ እርምጃ አለ። ከመደርደሪያው ጀርባ ለዓመታት የምትሠራው ሚስት በመዝገብ ላይ የለችም። በሠራችው ልክ ደመወዝ ተቆርጦላት በሠራተኛነት ብትመዘገብ፣ ዕድሜዋ 38 ከሆነ ከፊቷ 22 ዓመት አለ፤ አበሏም የአማካይ ደመወዟ 45 በመቶ ይሆናል።