ኬሚስትሪ፦ ለሕክምናና ለጥርስ ሕክምና መሰናዶ

ኬሚስትሪ የቁስ አካልን ጠባይና ለውጥ የሚመረምር ጥበብ ሲሆን፣ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1893 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ደቀ መዛሙርቱ አስቀድመው እንዲማሩት ከደነገገ፣ የትምህርት ተመራማሪው አብርሃም ፍሌክስነርም በ1910 ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ባወጣው ዘገባ ይህንኑ ካጸና ወዲህ፣ በዚያች አገር ወደ ሕክምና ለሚገባ ሁሉ እንደ ደጀ ሰላም ሆኗል። ብዙ ተማሪ ለመግቢያ ፈተና ብቻ የተጣለ ሸክም አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ይህ ግን ታላቅ ስሕተት ነው። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ወሰን ጸንቶ የሚኖረው በተለይ በካርቦኒክ አሲድና በባይካርቦኔት ሚዛን መሆኑን ያልተረዳ ሐኪም፣ የስኳር በሽተኛው ደም ወደ አሲድነት ባዘነበለ ጊዜ ትንፋሹ ስለ ምን እንደሚጠልቅና እንደሚፈጥን ሊያስተውል አይችልም።

የጥርስ ሐኪሙማ ከዚህ የበለጠ የኬሚስትሪ ባለዕዳ ነው። የጥርስ ኢናሜል በአብዛኛው ሃይድሮክሲአፓታይት ከተባለ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን የተሠራ በመሆኑ፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚያወጡት አሲድ ፒኤቹን ከ5.5 ገደማ በታች ሲያወርደው መሟሟት ይጀምራል። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ይህን ማዕድን ያጠነክረዋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃን ጥርስ ያበልዛል፤ ይህም በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ባደጉ የሀገራችን ልጆች ላይ በግልጥ የሚታይ ነው።